ድንኳን ውስጥ ማደር፦ ስለ ሳፋሪ ካምፕ ከወሎ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሳፋሪ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቴሌቪዥን ላይ ያየው ካሜራ ያነገተ ፈረንጅ ነው። አሁን አሁን ግን ነገሩ እየተቀየረ ነው። አረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለች እህት ቤተሰቧን ናይሮቢ ላይ ታገኝና «ሦስት ቀን አውሬ እንይ» ትላለች። አዲስ ተጋቢዎች ስለ ጫጉላ ይጠይቃሉ። ጡረታ የወጣ መምህር «ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ዝሆን በዓይኔ ልየው» ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፤ ሁሌም ተመሳሳይ ነው።

መልሶቹ በአብዛኛው ማሳይ ማራ ስለሚባለው የኬንያ የአውሬ ጥብቅ ቦታ ናቸው። ለእኛ ቅርብ እሱ ነው፤ ትናንሽ የድንኳን ካምፖችም በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ስለ ወሎም መጨረሻ ላይ አለ።

ድንኳን የሠርግና የለቅሶ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ድንኳን ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ነው?

መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እኛ ድንኳን የምናውቀው ለሁለት ቀን ተተክሎ የሚነሳ ነው። ነገር ግን የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ራሱ ለብዙ ዘመን በድንኳን ሲዞር የኖረ ነው። ትልቅ ሰው በድንኳን ማደሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

የሳፋሪ ካምፕ ድንኳን ወፍራም ሸራ ነው። ብዙ ጊዜ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ወለል ላይ ይተከላል። ውስጡ እውነተኛ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛና ወንበር አለ። ከኋላ በኩል የራሱ መታጠቢያና ሽንት ቤት አለው። መስኮቱ የትንኝ መከላከያ መረብ ነው፤ ሲበርድ ሸራው ወርዶ በዚፕ ይዘጋል። ከፊት ለፊት በረንዳ አለ። ቁጭ ብላችሁ ሜዳውን ወይም ወንዙን ታያላችሁ። ከእናንተና ከሜዳው መካከል ያለው ሸራ ብቻ ነው፤ የምትከፍሉትም ለዚህ ነው።

ትንሽ የሚባለው ካምፕ ከ6 እስከ 12 ድንኳን ያለው ነው። የመመገቢያውና የመቀመጫው ድንኳን ለብቻው ነው። ማታ እንግዳው ሁሉ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል።

አመጣጡ ከአደን ነው። ድሮ ባለገንዘብ አዳኞች ለሳምንታት በድንኳን እየሰፈሩ ያድኑ ነበር። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን ከለከለች። ድንኳኑ ግን ቀረ፤ በጠመንጃ ፈንታ ካሜራ ገባ።

ታዲያ ከሆቴል ለምን ይወደዳል?

ዋጋው ያስደነግጣል፤ አልደብቃችሁም። በማራ የቅንጦት የሚባለው ትንሽ ካምፕ በአንድ ሰው በአንድ አዳር ከ400 ወይም 500 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። 1,500 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይንራል።

ነገር ግን የሆቴል ዋጋ የአልጋ ብቻ ነው። የካምፕ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱንም ምግብ፣ ጠዋትና ከሰዓት በመኪና አውሬ ለማየት መውጣትን፣ አስጎብኚውን፣ ብዙ ቦታ ደግሞ መጠጡንና የልብስ አጠባውን ይጨምራል። ምግቡ፣ ነዳጁ፣ ውሃው፣ ሁሉም ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነው። ለጥቂት እንግዳ ብዙ ሠራተኛ ይቆማል።

የማይጨምረውን ደግሞ ጠይቁ። ትልቁ የጥብቅ ቦታው መግቢያ ክፍያ ነው። የማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ መግቢያ ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ለውጭ አገር ጎብኚ አዋቂ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት የፈረንጅ ወሮች በቀን 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ 200 ዶላር ሆኗል። በየቀኑ የሚከፈል ነው። ሦስት ቀን ለሁለት ሰው ብታሰሉት ብዙ ብር ነው። ለአፍሪካውያን የሚሆን ዋጋ ይኖር እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አስጠይቁ። ስንቶቻችን ሳንጠይቅ የፈረንጅ ዋጋ እንከፍላለን! በፊኛ መብረርም ለብቻው ነው፤ በሰው ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። ደስ ይላል፤ ግን ሳይበሩ ቢመለሱ የሚቀር ነገር የለም።

ገንዘቡ ካልበቃ ከማራው መግቢያ በሮች አጠገብ፣ ለምሳሌ ሰከናኒ በር አካባቢ፣ ቀለል ያሉ የድንኳን ማረፊያዎች አሉ። አልጋቸው ይቀላል፤ አንበሳው ግን ያው አንበሳ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል? ከደሴ እንዴት ይደረሳል?

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያዙ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው።

ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከናይሮቢ ማራ ሁለት መንገድ አለ። በመኪና በናሮክ ከተማ በኩል ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በትንሽ አውሮፕላን ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ሣር ሜዳ ላይ ያወርዳችኋል። ዊልሰን ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት በናይሮቢ የመኪና ጭንቅንቅ ነው። በአንድ ቀን ደርሳችሁ በዚያው ልትበሩ ካሰባችሁ ሰፊ ሰዓት ተዉ። ባይሆን ናይሮቢ እደሩ።

የትንሹ አውሮፕላን የሻንጣ ገደብ 15 ኪሎ ነው፤ የእጅ ቦርሳም ይቆጠራል። ሻንጣው ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። ባለ ጎማውን ደረቅ ሻንጣ አይቀበሉም።

አውሬ ድንኳኑ ውስጥ አይገባም ወይ?

ሁሉም ይሄን ይፈራል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ብዙዎቹ ካምፖች አጥር የላቸውም። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጅብ፣ አንዳንዴም አንበሳ በድንኳኖቹ መካከል ያልፋል። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ጉማሬ ማታ ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ከግድግዳችሁ ሥር የሚያኝክ ይመስላችኋል። እንስሳቱ ግን የተዘጋ ድንኳንን የሚያዩት እንደ ትልቅ ድንጋይ ነው። ውስጡ ሰው አለ ብለው አይቀድዱትም። አደጋ የሚፈጠረው ሰው በጨለማ ብቻውን ሲወጣ ነው።

ሕጉም አጭር ነው። ከመሸ በኋላ ከድንኳን ብቻችሁን አትውጡ። እራት መሄድ ስትፈልጉ የእጅ ባትሪ ያበራችሁ እንደሆነ ዘበኛው ይመጣል። እዚያ አስካሪ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ የማሳይ ሰው ነው፤ ጎሹ የት እንደተኛ ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። ድንኳን ውስጥ ፊሽካ ወይም ሬድዮ ይሰጣችኋል። ለአስቸኳይ ነገር ነው፤ ለሻይ ማዘዣ አይደለም። ዚፑን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ዝጉ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ወሎዬ ያለ ስንቅ ስለማይወጣ ነው። ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ጭኮውን ለወጥ ቤት ስጡና እዚያ ይቀመጥላችሁ። ዝንጀሮና ጦጣ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ። ጅብም ሽታ ይከተላል።

ድምፁ ግን አለ። የጅቡ ጩኸት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ያውቀዋል። የአንበሳው ግን ሌላ ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ስለዚህ በጣም የቀረበ ሲመስላችሁ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ላይወስዳችሁ ይችላል። አብሽሩ፣ በሁለተኛው ትተኛላችሁ።

ሻወርና ሽንት ቤት እንዴት ነው?

ሽንት ቤቱ እንደ ቤታችሁ በውሃ የሚለቀቅ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ሻወሩ በብዙ ካምፖች የባልዲ ነው። በምን ሰዓት እንደምትታጠቡ ትናገራላችሁ። ሠራተኛው ውሃ አሙቆ ከድንኳኑ ጀርባ ባልዲ ውስጥ ሞልቶ በገመድ ይሰቅለዋል፤ ከውጭ ሆኖ «ደርሷል» ይላል። ወደ 20 ሊትር ነው። ውሃ በጀሪካን የቀዳ ሰው 20 ሊትር ለአንድ ሰው እንደሚበቃ ያውቃል። እርጠቡ፣ ዝጉት፣ ሳሙናችሁን ተቀቡ፣ ከዚያ ክፈቱት። የቧንቧ ሙቅ ውሃ ያላቸው ካምፖችም አሉ፤ አጥብቃችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ስትይዙ ጠይቁ።

ልብስ ያጥቡላችኋል። የውስጥ ልብስ ግን ብዙ ቦታ አያጥቡም፤ ሳሙና ያስቀምጡላችኋል።

ጾም ነን። ሐላል ነን። ምን እንበላለን?

ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለቱም ጥያቄ ይነሳል። ደግሞ ሁለቱም መልስ አላቸው፤ ዋናው ቀድሞ መናገር ነው። ካምፑ ምግቡን የሚያስመጣው ከናይሮቢ ወይም ከናሮክ ስለሆነ እዚያ ደርሶ መናገር ወጥ ቤቱን ያስጨንቃል።

ለጾም «ቪጋን» በሉ። ወጥ ቤቱ የሚያውቀው ቃል እሱ ነው። ከዚያም ዘርዝሩ፦ ሥጋ የለም፣ ዶሮ የለም፣ ዕንቁላል የለም፣ ወተትና ቅቤ የለም። ቅቤውን በተለይ አንሱ፤ አትክልቱ ላይ ጣል ማድረግ ይወዳሉ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ጎመን፣ ጫፓቲ በየቦታው አለ። ጎመናቸው ሱኩማ ዊኪ ይባላል። የእኛን ጎመን ይመስላል፤ ሚጥሚጣ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ ናችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ካለ ቁርስና ምሳውን አዘግይተው ያቀርቡለታል።

ኬንያ ብዙ ሙስሊም ያለባት አገር ናት፤ ሐላል ሥጋ ማግኘት አይከብድም። ብዙ ካምፖች ሐላል ብቻ ይገዛሉ። ግን «አላችሁ ወይ» ሳይሆን «ከየት ነው የምትገዙት» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ራሱ ይነግራችኋል። የአሳማ ሥጋ ቁርስ ላይ ስለሚቀርብ ማብሰያው እንዲለይ ማሳሰብም አያሳፍርም።

ሶላት ለሚሰግድ፦ ደሴ ላይ ቂብላው በቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ማራ ላይም ሰሜን ነው፤ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። ቦታው ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም የምትጠልቀውም 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የከሰዓቱ ጉዞ ዐሥርን ይዞ መግሪብ ላይ ይደርሳል። ለአስጎብኚው ጠዋቱኑ ንገሩት። ዙሪያውን አይቶ ገላጣ ቦታ ላይ ያቆምላችኋል። እሱ «ውረዱ» ሳይል ግን ከመኪና አትውረዱ።

ቡና አለ፤ እንደ እኛ ግን አይደለም። ኬንያ ቡና ታበቅላለች፣ ሕዝቡ የሚጠጣው ደግሞ በወተት የፈላ ሻይ ነው። ያለ ጀበና ቡና መዋል የማይችል ሰው ትንሽ የተፈጨ ቡና በዕቃ ይያዝ። የወጥ ቤቱን ሰዎች ጋብዟቸው፤ ወሬ ይከፍታል።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሻይ ወይም በቡና ትቀሰቀሳላችሁ። 12 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ናችሁ። በነገራችን ላይ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ነው፤ ንጋት ላይ 12 ሲሉ ያው 12 ነው። በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ግን የፈረንጁን ማለታቸው ስለሆነ አረጋግጡ።

በዚያ ሰዓት መውጣቱ ዝም ብሎ አይደለም። አንበሳና ነብር ቀን ይተኛሉ፤ የሚንቀሳቀሱት ሲቀዘቅዝ ነው። አቦ ሸማኔ ደግሞ በብርሃን ያድናል፣ ግን ፀሐይ ሳይከር ነው። ቁርስ ሜዳ ላይ ይበላል። ወደ አራት አምስት ሰዓት ትመለሳላችሁ፣ ምሳ፣ ዕረፍት፣ ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና መውጣት። ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናው ቆሞ መጠጥ ይቀርባል፤ ለስላሳም አለ። እራት፣ እሳት፣ መኝታ።

ሰው የሚሳሳተው የእኩለ ቀኑን ዕረፍት «ገንዘባችን ባከነ» ብሎ ሲያኮርፍ ነው። በረንዳችሁ ላይ ተቀመጡ። ከርከሮው፣ ቀጭኔው፣ ወፉ ራሱ ይመጣል። ማራ አካባቢ ብቻ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት አለ።

ደግሞ አምስቱን ትልልቅ እንስሳት፣ አንበሳን፣ ነብርን፣ ዝሆንን፣ ጎሽንና አውራሪስን፣ በአንድ ቀን ካላየሁ ብላችሁ አስጎብኚውን አታሯሩጡት። አንድ የዝሆን መንጋ አጠገብ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት አሥር እንስሳ በሩጫ ከማየት ይበልጣል። እናቲቱ ግልገሏን እንዴት በእግሮቿ መካከል እንደምታሳልፍ፣ ትልልቆቹ እንዴት ከብበው እንደሚያስተኙ የምታዩት ስትቆዩ ነው።

ምን እንልበስ?

የአፈር ቀለም፤ ቡኒ፣ ግራጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ የቆላ ዝንቧን፣ ጼጼን፣ ይስባል፤ ንክሻዋ ያማል። የወታደር መልክ ያለው ዥጉርጉር ልብስ ኬንያ ውስጥ ለሲቪል የተከለከለ ነው፤ ቤት ተዉት።

ማለዳ ይበርዳል። ማራ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። የደሴ ሰው «ይሄ ደግሞ ብርድ ነው?» ይላል፤ ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ላይ ንፋሱ ሲመታው ግን ሐሳቡን ይቀይራል። ጋቢ ውሰዱ። ከምንም ጃኬት ይሻላል። ለአቧራው ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ሒጃብ በቂ ነው።

የፌስታል ከረጢት አትያዙ። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥብቅ ቦታዎች ውስጥ አይገባም። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይቻልም።

መብራትና ኔትወርክ አለ?

መብራቱ ከፀሐይ ነው። ስልክና ካሜራ ቻርጅ ይደረጋል፤ የፀጉር ማድረቂያና ካውያ አይሠራም። ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ዋይፋይ ካለ በመመገቢያው ድንኳን ነው።

አባታችን ሽማግሌ ናቸው። ልጆችም አሉን። ይቻላል?

ለአረጋውያን በጣም ይቻላል። የሚራመዱት ከድንኳን እስከ መኪና ነው። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ድንኳናቸው ለመመገቢያው ቅርብ እንዲሆን፣ መኪናው ላይ መውጫ ደረጃ እንዲኖር። በመኪና ከናይሮቢ መምጣት ወገብ ለሚያማቸው ሰው ይከብዳል፤ ለእሳቸው አውሮፕላኑ ገንዘቡን ያወጣል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከበቂ በላይ ይያዝ፤ ካምፑ አጠገብ ፋርማሲ የለም።

ልጆችን በተመለከተ ካምፑ ይለያያል። ብዙዎቹ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በታች አይቀበሉም። በእግር ለሚደረገው ጉዞ ደግሞ ዕድሜው ከፍ ይላል። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም። ልጅ ይሮጣል፤ የሚሮጥ ትንሽ ነገር ደግሞ የአውሬን ዓይን ይስባል። የቤተሰብ ድንኳን ጠይቁ፤ ልጆች ለብቻ ድንኳን አይተኙም። መኪናውንም ለብቻችሁ ብትይዙት ሌላ እንግዳ ሳይቆጣ ልጁ መጠየቅ ይችላል።

ለጤናስ?

ማራ ከፍታ ቢኖረውም ወባ አለ። የኮምቦልቻና የከሚሴ ሰው ወባን አይንቅም፤ የደሴ ሰው ግን ይረሳል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩና የመከላከያውን ኪኒን ጀምሩ። አጎበሩን አትተዉ። የጉዞ ኢንሹራንስ ግቡ፤ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ማድረስን የሚጨምር ይሁን። አምሬፍ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ብዙ ካምፖች ከሱ ጋር ውል አላቸው።

መቼ እንሂድ?

እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዋይልድቢስት ከታንዛንያው ሰረንጌቲ ተነስቶ ወደ ማራ ይገባል። በሬ የሚመስለው ጢማሙ እንስሳ ነው። የሜዳ አህያም በመቶ ሺህዎች አብሮ አለ። ሣር ፍለጋ ዝናቡን ተከትሎ የሚዞር ነው። የማራን ወንዝ ሲሻገሩ አዞ ይጠብቃቸዋል። ሰው የሚጎርፈው ይሄን ለማየት ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡም ዋጋውም ከፍተኛ ነው።

እኔ የምመክረው ጥርና የካቲትን ነው። ገናና ጥምቀት አልፏል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ሣሩ አጭር ነው፣ አንበሶቹና ዝሆኖቹ የትም አልሄዱም። መኪናው ይቀንሳል። ፋሲካን ተከትሎ መሄድ የሚያስብ ሰው ያስብበት፤ ሚያዝያና ግንቦት ረጅሙ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ አንዳንድ ካምፖችም ይዘጋሉ።

ከመቶ ካምፕ አንዱን እንዴት እንምረጥ?

ፎቶውን ተዉት። ሁሉም ፎቶ ላይ ነጭ አልጋና ፋኖስ አለ። አልጋ ከሆነ ቤታችሁም አለ። እኔ የማየው መሬቱንና አስጎብኚውን ነው።

መሬቱ ስል፦ ካምፑ ጥብቅ ቦታው ውስጥ ነው ወይስ በዙሪያው ካሉት የማኅበረሰብ መሬቶች አንዱ ላይ? ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የማሳይ ቤተሰቦች መሬታቸውን አዋህደው ለካምፖች ማከራየት ጀመሩ። ናቦይሾ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊ፣ ማራ ኖርዝ የሚባሉት እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። ለቤተሰቦቹ ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ ጎብኚ መጣም ቀረም። ከብቶቻቸውም በተራ ይግጣሉ። በምላሹ የድንኳኑ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ አንድ አንበሳ ዙሪያ የሚቆመው መኪናም እንዲሁ። ጥብቅ ቦታው ውስጥ የማይፈቀደው የሌሊት ጉዞና የእግር ጉዞ እዚያ ይፈቀዳል። ነሐሴ ላይ ጥብቅ ቦታው ውስጥ አንዲት አቦ ሸማኔ በመኪና ተከብባ ማደን ሲያቅታት ማየት ያሳዝናል። ገንዘቤን የማወጣው አውሬውም ባለመሬቱም በሚተነፍስበት ቦታ ነው።

አስጎብኚው ስል፦ ኬንያ ውስጥ አስጎብኚዎች ተፈትነው የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ያገኛሉ። «አስጎብኚያችሁ ምን ደረጃ አለው? የአካባቢው ልጅ ነው?» ብላችሁ ጻፉላቸው። በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚቀመጥም ጠይቁ፤ ከስድስት ከበለጠ መስኮት የማያገኝ ሰው አለ። ግልጽ መልስ የማይሰጥ ካምፕ ይቅርባችሁ።

ሌላም አለ። ጥቁር ሰው በእንግድነት ሲመጣ ዓይኑ የሚሸሽ ቦታ አለ። ሲጻጻፉ አመላለሳቸው ላይ ይታያል። እናንተ በአህጉራችሁ እንግዳ አይደላችሁም፤ ስለ ጾማችሁ፣ ስለ ሶላታችሁ፣ ስለ ዋጋው ጠይቁ። ደግ ካምፕ ደስ ብሎት ይመልሳል።

ጉርሻ ስንት ነው?

ለአስጎብኚው በቀን በሰው ከ10 እስከ 20 ዶላር ይለመዳል። ለሌላው ሠራተኛ የጋራ ሣጥን አለ። ባልዲውን የሞላውን ሰው የምታስታውሱት በሣጥኑ ነው።

ወሎ ውስጥስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?

ይሄን የሚጠይቀኝን ሰው እወደዋለሁ።

ወሎ ውስጥ አንበሳና ዝሆን የለም። ያለው የትም የሌለ ነው። ደቡብ ወሎ መካነ ሰላም አቅራቢያ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ሰዉ ደንቆሮ ጫካ የሚለው። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ድኩላና ነብር አለው። ላሊበላ አናት ላይ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጭላዳም ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ማራን ያየ ፈረንጅ እነዚህን ለማየት እኛ ጋ መምጣት አለበት።

ማረፊያውን በተመለከተ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ በመቄት ደጋ እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ ቦታዎች ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የጎጆ ማረፊያዎች ተሠርተው ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ናቸው። እንግዳው በእግሩ ይመጣል፣ ዕቃው በአህያ፣ እንጀራው ከመንደሩ፣ ገንዘቡም ለመንደሩ። ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ጎብኚውን አራቀው። አሁን ለመሄድ የሚያስብ ሰው መንገዱን ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቅ አይነሳ፤ ሁኔታው በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ደንቆሮ ጫካ ዳር ስድስት ድንኳን ብቻ ያለው ካምፕ ቢኖር ብዬ አስባለሁ። መሬቱ የገበሬው ሆኖ ኪራዩ በየወሩ የሚደርሰው፣ አስጎብኚው የሳይንት ልጅ የሆነ፣ ማታ እሳት ዳር ቡና የሚፈላበት። ለዚህ አንበሳ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰላም፣ መንገድና የገበሬው ፈቃድ ነው። ማራ ሄዳችሁ ከሆነ የካምፑን ኃላፊ ኪራዩ እንዴት እንደሚከፈል፣ ግጦሹ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ስንት ቤተሰብ እንደፈረመ ጠይቁት። ስትመለሱ መካነ ሰላም ላይ ለሚመለከታቸው ሰዎች ንገሯቸው። እኔም እጠይቃለሁ።